አርባ ምልክት የሚያነብልኝ ሰው ጠፋ

ለተከበረው የፊርማ ቁልፎች አስተዳደር ክፍል
የቀዝቃዛ ክፍሌን ሶፍትዌር ለሚሠራው ድርጅት
ቨርጂኒያ

ክቡራን ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁ እንደ ድረ ገጻችሁ ዘወትር ያማረ፣ ሰላማችሁም እንደ ስልክ መስመራችሁ ሰው የማይደርስበት እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

እኔ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ሁለት ሥጋ ቤቶች ያሉኝ ነጋዴ ነኝ። ውሎዬን በደብተር የመመዝገብ ልማድ ስላለኝ ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሁሉ ቀኑ የታወቀ ነው። ዛሬ ጸሎተ ሐሙስ ነው። ለትንሣኤ ቅርጫ የገቡ ሃያ ስድስት ቤተሰቦች ሥጋቸው ቅዳሜ ጠዋት ከእርሻው መጥቶ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቀዝቃዛ ክፍሌ ይገባል ብለው ይጠብቃሉ። ክፍሉን የሚቆጣጠረው ሶፍትዌር ደግሞ ካልታደሰ ነገ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ሙቀት መመዝገብ እንደሚያቆም እናንተው አስታውቃችኋል። የሙቀት መዝገብ በሌለው ክፍል ያደረ ሥጋ በጥሬው እንዲበላ ለሰው አልሰጥም። ስለዚህ እጅ እየነሣሁ አቤቱታዬን አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ኅዳር ወር ምክራችሁ አመሰግናለሁ። ያን ጊዜ ማሻሻያው አልጫን ብሎ ሲያስቸግረኝ፣ ላኪው እናንተ መሆናችሁን የሚፈትሸውን የፊርማ ማጣሪያ አጥፍቼ እንድጭነው ጻፋችሁልኝ፤ እኔም ታዛዥ ነኝና አጠፋሁት። የተጫነው ግን ገጻችሁን አስመስሎ የሠራ ሌባ ያዘጋጀው ነበር። በአሌክሳንድሪያው ሱቅ ማያው ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ፋራናይት እያለ፣ በሩ ላይ የሰቀልኩት ተራ ቴርሞሜትር ስልሳ አንድ ይል ነበር። ሥጋውን በሙሉ ጣልኩ። ወሬው ግን አብሮ አልተጣለም፤ እስከ ዛሬ የእኔን ደጅ አልፈው ሴቨን ኮርነርስ ድረስ ሄደው የሚገዙ የቆዩ ደንበኞች አሉኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ ቢደገም ከእጄ ጥሬ ሥጋ የሚቀበል ሰው አይኖርም።

ሁለተኛ፦ ከዚያ በኋላ የሆስፒታል ኮምፒውተሮች ላይ የምትሠራው የእህቴ ልጅ ሄለን ነገሩን አስረዳችኝ። የሕዝብ ቁልፍ የምትሉት እንደ ማኅተም ናሙና ነው፤ ናሙናውን አንዴ አረጋግጬ ካስቀመጥኩ፣ በሚላክልኝ ጥቅል ላይ ያለው ፊርማ የእናንተ መሆኑን ኮምፒውተሩ ራሱ ያመሳክራል። አሮጌው ቁልፋችሁ ማርች 31 ጊዜው አለፈበት። አዲሱን በድረ ገጻችሁ ለጥፋችኋል፤ የእናንተ ለመሆኑ ማረጋገጫ የሚሆነውን፣ ከፊደልና ከቁጥር የተሠራ አርባ ምልክት ያለውን አሻራውንም እዚያው ከሥሩ ለጥፋችኋል። ገጹን ያስመሰለ ሌባ ከሥሩ ያለውን አሻራ ማስመሰል እንዴት ያቅተዋል? በእኛ ዘንድ ሰው ለራሱ ዋስ አይሆንም። ጊዜው ሳያልፍ አዲሱን ቁልፍ በአሮጌው ፈርማችሁ ልታስተዋውቁን ትችሉ እንደነበር ሄለን ነግራኛለች፤ ነገር ግን ለዚያ አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋልና እንዲህ ያለውን ሸክም በእናንተ ላይ መጫን ነውር ነው።

ሦስተኛ፦ ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ለመንኩ። ከእናንተ ወገን አንድ ሰው አርባውን ምልክት ድምፁን እየሰማሁ ያንብብልኝ፣ እኔ ማያዬ ላይ ካለው ጋር አመሳክራለሁ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሰባት ጊዜ ጽፌ ሰባት ጊዜ መለሳችሁልኝ፤ ሰባቱም አሻራው ድረ ገጹ ላይ እንደሚገኝ በትሕትና ይገልጻሉ። ስለማይናወጠው አቋማችሁ አድናቆቴ የላቀ ነው።

አራተኛ፦ ስልክና ደብዳቤ ሲያቅተኝ የቸገረው ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ። ማክሰኞ ኤፕሪል 7 ሽማግሌ ላክሁባችሁ። አቶ ልሳነወርቅ፣ አቶ ሙላቱና ወይዘሮ ዓባይነሽ ከፔትዎርዝና ከሀያትስቪል ተነሥተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ቢሯችሁ ደረሱ። እንግዳ ተቀባያችሁ ተቀመጡ ብትላቸው፣ የሽምግልና ደንብ ነውና የመጡበት ጉዳይ ሳይፈጸም አንቀመጥም አሉ። ሦስት ጊዜ ለመነቻቸው፤ ሦስት ጊዜ እንቢ አሉ። አንድ ሰዓት ተኩል ሲቆሙ ተቃውሞ የወጡ መስሏችሁ ጥበቃ ጠራችሁባቸው። ዕድሜያቸው ተደምሮ ሁለት መቶ ሠላሳ ዓመት የሚሞላ ሦስት ጾመኞች ይህን ያህል ስላስደነገጧችሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በመጨረሻ የወጣው ባለሙያ ያንኑ የድረ ገጽ ነገር ሲነግራቸው አቶ ሙላቱ፣ "ልጄ፣ የልጅቱን አመል ከራሷ ከልጅቱ ጠይቁ ነው የምትለን? እኛ የምንጠይቀው ጎረቤት ነው!" አሉት። ወይዘሮ ዓባይነሽም በአማርኛ፣ "ይተዉት አቶ ሙላቱ፣ ገና አላገባ ይሆናል" አሉ። ባለሙያው ለሦስቱም የድርጅቱ አርማ ያለበት ተለጣፊ ሰጥቶ ሸኛቸው። ስለ ስጦታው አመስግንልን ብለውኛል።

አምስተኛ፦ ዛሬ ጠዋት በደረሰኝ ሰባተኛው መልሳችሁ ደግሞ ማጣሪያውን "ለጊዜው" እንዳጠፋው መከራችሁኝ። ኅዳር ላይም ያጠፋሁት ለጊዜው ነበር።

ክቡራን ሆይ፣ በነገር ብወጋችሁም ጨንቆኛል። ማንም እንዲደውልልኝ አልጠይቅም፤ የሚደውልልኝ ሰው ማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ስንዋዋል በተፈራረምነው ወረቀት ላይ ባለው ቁጥር ነገ ከጠዋቱ ጀምሮ እኔው እደውላለሁ። ቁጥሩን የሚያነሣና ማንበብ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ከእኩለ ቀን በፊት አስቀምጡልኝ።

በደጃችሁ በትዕግሥት የቆመው፣ ጊዜው ገና ያላለፈበት አክባሪያችሁ፣
ይድነቃቸው ኃይሉ
ሲልቨር ስፕሪንግ

በድጋሚ፦ ይህን ጽፌ እንደ ጨረስኩ፣ የቅዳሜው ሥጋ ምናልባት እንደማይሆን ለቅርጫ አባላቱ በስልክ ማስታወቅ ጀመርኩ። መጀመሪያ ያገኘኋት ወይዘሮ ቤዛዊት አልተቆጣችኝም፤ "እንዲህ ያስጨነቀህን ሰውዬ ስሙን ንገረኝና እኔ ልለምነው" አለችኝ። ስልኩን ሳልዘጋ ሰባቱን ደብዳቤዎቻችሁን አገላበጥኩ። ሥራችሁ ፊርማ ሆኖ ሳለ አንዱም ላይ የፈረመ ሰው የለም።