በአብዲረሺድ ስም የወጣ ቁጥር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4/2016። ከቀኑ 7፡30

መ/ቤት ለምሳ ተዘግቷል። ጅጅጋ ከተማ ጫቱ ላይ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሰው አይፈለግም። እኔ መዝገብ ቤቱን ከውስጥ ቆልፌ ስሜን ደብቄ ለምመራው የጥቆማ ቻናል የመጣውን መልእክት አነባለሁ። “ማን ይጠይቅ” ብዬ ከከፈትኩት አምስት ዓመት ሊሞላው ነው። ያኔ የሰው አፍ ገና ሲፈታ። የማን እንደሆነ የምታውቁት ሦስት ናችሁ፦ አንተ ደብተሬ፣ ባለቤቴ ጽጌ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው አብዲረሺድ።

የዛሬው ጥቆማ፦ ሸደር የስደተኞች ካምፕ ከአንድ የእርዳታ ድርጅት ጋር የምትሠራ ሆዳን የምትባል ልጅ። የስደተኛውን ዘይት ትሸጣለች ይላል። ፎቶ አለው። ባጃጅ ላይ ሦስት ጄሪካን ስታስጭን፣ ፊቷ ቁልጭ ብሎ። ላኪው ስም የለውም። ማን ነህ ብዬ አልጠይቅም፤ ደንቤ ነው።

ለጠፍኩት። ከነስሟ፣ ከነፊቷ። ሌባ አልወድም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5። ጠዋት 2፡40

አስተያየቶቹን አነበብኩ። ስለ ዘይቱ የጻፈ ሁለት ሰው ቢገኝ ነው። ሌላው ስለ ሰውነቷ፣ ስለ እናቷ፣ ስለ ጎሳዋ። አንዱ ቤቷን ሳይቀር ጠቁሟል፤ ከመስጊዱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር። የአካውንታቸው ስዕል አበባ፣ አንበሳ፣ ኳስ ተጫዋች። አንድም የሰው ፊት የለም። ግማሾቹ ጠዋት ጠዋት ደህና አደርክ የሚሉኝ ሰዎች ይሆናሉ።

ማጥፋት ጀመርኩ። ባጠፋኋቸው ቁጥር ይበዛሉ። ተውኩት፤ ሥራ አለብኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 7። ከቀኑ 11፡00

ሆዳን ከሥራ ታገደች። ቢሮ ውስጥ ሰዉ ፈንድቋል። ቻናሉ ባይኖር ማን ይነካት ነበር ይላሉ። አልዋሽህም፣ እኔም ደስ አለኝ። በሆዴ ኩራት ኩራት አለኝ።

ቤት ገባሁ። ጽጌ ወጥ እየሠራች ነው። ዘይቱን ከምን ትቀዳለች? ከዚያው ከፎቶው ዓይነት ጄሪካን። ያው ቀለም፣ ያው “ለሽያጭ አይውልም” የሚል ጽሑፍ። ከየት አመጣሽው አልኳት። ከገበያ፤ ስንት ዓመት የበላኸውን ዛሬ ገና አየኸው ወይ አለችኝ። ስደተኛው ስኳር ሲያምረው፣ ልጁ ጫማ ሲያልቅበት ዘይቱን ይሸጣል፣ ከተማው ይገዛል። ጅጅጋ ላይ ይህን የማያውቅ የለም። እኔም አውቃለሁ። ፎቶውን ሳይ ዕውቀቴ የት ገባ?

ጽጌ አላበቃችም። ልጅቷ እናቷ ሞተውባታል። ዘይቱ ለለቀስተኛው ምግብ ነበር። የሸጠችላት ባለ ሱቅ፣ እኔ ነኝ የሸጥኩላት እያለች ለመጣው ሁሉ ትናገራለች። ይህን ብላ ትክ ብላ አየችኝ። ወጡን አልቀመስኩትም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8። ጠዋት 4፡15

ለጠቋሚው ጻፍኩለት። ዘይቱ የገበያ ነው፣ ምን ማስረጃ አለህ አልኩት። አነበበው። ወዲያው የላኪው ቦታ “የተሰረዘ አካውንት” ሆነ። በቃ፣ የለም። እሱ ለእኔ ስም የለውም። እኔ ለከተማው ስም የለኝም። ስም ያላት ሆዳን ብቻ ናት። ልረግም አፌን ከፈትኩና ማንን እንደምረግም ጠፋኝ።

ማስተባበያ ለጠፍኩ። አራት መስመር። “ከደረሰን ተጨማሪ መረጃ መሠረት...” ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም። “ደረሰን” ደግሞ እላለሁ። እኛ እነማን ነን? መዝገብ ቤት ውስጥ የተቆለፈ አንድ ሰውዬ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11። ከቀኑ 8፡00

ጉድ ፈላ። ቻናሉን ስከፍት መታወቂያዬ ጊዜው አልፎበት ስለነበር ሲም ካርዱን አብዲረሺድ በራሱ መታወቂያ ነው ያወጣልኝ። እዚህ የተለመደ ነው። ሰው ለጎረቤቱ ሲም ያወጣል፣ ይረሳዋል። እኔም ረስቼው ቁጥሩን ለጥቆማ ብዬ ቻናሉ ላይ ሰቅዬዋለሁ። የሆዳን ወንድም ምን አደረገ? በሞባይል ብር የሚልክ መስሎ ቁጥሩን አስገባ። የባለቤቱ ስም ብቅ አለለት። አብዲረሺድ፣ ከነአባቱ። አምስት ዓመት የተደበቅኩበት ነገር አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም።

እዚህ አገር ስድብ የአንድ ሰው ዕዳ ሆኖ አይቀርም። የተሰዳቢዋ ወገን የተሳዳቢውን ወገን ይጠይቃል፤ ካሳው የዘመድ ሁሉ ነው። ትናንት ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። አብዲረሺድን ቁጥሩ የማን ነው አሉት። የኔ ነው አለ። የጻፍከውስ አንተ ነህ? ዝም።

ሱቁ ሄድኩ። ለምን አልተናገርክም አልኩት። ማሽኑን እየወለወለ፣ አደራ ነው አለኝ። ደግሞስ ስምህን ብሰጥ ማን አጠገብህ ይቀመጣል፣ ወገን የለህ አለ። እውነቱን ነው። አባቴ በወታደርነት መጥቶ እዚሁ ቀረ፣ እዚሁ ተቀበረ። ያለችኝ ጽጌ ናት። ቅዳሜ “አልጻፍኩም፣ የጻፈውንም አላውቅም” ብሎ ቁርአን ይዞ እንዲምል ተወስኖበታል። በሐሰት አልምልም፣ ስምህንም አልጠራም ይላል። ካልማለ ጥፋተኛ እሱ ነው። ወንድሞቹ ከአሁኑ አኩርፈውታል።

ከሱቁ ስወጣ የተሰማኝን ለአንተ ብቻ ልንገርህ። እፎይ አልኩ። አላወጣኝም ብዬ። ስለ ራሴ ከዚህ የባሰ የሚያስጠላ ነገር አላውቅም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል። ከቀኑ 6፡00

ተሳለምኩ። ቅዳሴው ሲወጣ ላለመናገር ሰበብ ስፈልግ ነበር። አንድ የሚረባ ተገኘ፤ ስልኩ። ውስጡ የሰው ስም አለ። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ሲታደል አይታ የጻፈችልኝ ነርስ። ደሞዛችን ተያዘ ያለው መምህር። እኔ ከወጣሁ ስልኬ ይወሰዳል፣ እነሱም ይወጣሉ፣ ስለዚህ ዝም ልበል አልኩ። አንድ ሰዓት ያህል ራሴን ጻድቅ አደረግኩ።

ውሸት ነው። የእነሱ መደበቅና የእኔ መደበቅ ምን አገናኘው? እነሱ የተደበቁት ከጉልበተኛ ነው። እኔ ከሆዳን።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13። ከቀኑ 10፡20

ለቅሶ ደራሽ መስዬ ቤቷ ሄድኩ። ሰማያዊው በር ላይ ድንጋይ ወርውረውበታል፣ ቀለሙ ተላልጧል። ሻይ አቀረበችልኝ። አዴር ትለኛለች፤ አጎቴ ማለቷ ነው። ልናገር አፌን ሳዘጋጅ ቀደመችኝ። የድርጅቱ ዋና መ/ቤት አዲስ አበባ ነው፣ ማመልከቻ በአማርኛ የሚጽፍልኝ አጣሁ፣ የአንተ ጽሑፍ ያምራል ይላሉ አለች። ወረቀት ሰጠችኝ።

እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። “ስሙን የማላውቀው ሰው ሳይጠይቀኝ ስሜን አጠፋው።” በእጄ ጻፍኩት። ፊደሉንም አሳመርኩት፤ ይህም ያስጠላል። ስትፈርም፣ በሬን እኮ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፣ መጥቶ ቢጠይቀኝ ደረሰኝ ባይኖረኝ ባለ ሱቋን እጠራለት ነበር አለች። አልተቆጣችም። አዴር፣ አመሰግናለሁ ብላ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15። ጠዋት 2፡35

ትናንት መልእክቶቹን አንድ በአንድ አጠፋሁ። የነርሷን፣ የመምህሩን፣ የሁሉንም። ስልኩን ቢወስዱት የሚያገኙት እኔን ብቻ ነው። ከዚያ ቻናሉ ላይ ስሜን ከነአባቴ፣ ከነፎቶዬ ለጠፍኩ። ሆዳን አልሰረቀችም፣ ሳልጠይቃት ስሟን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ አልኩ። የመጀመሪያው አስተያየት፦ አይዞህ ጀግና፣ ሌባዋን እንዳትፈራት። ከአበባ ሥር የተጻፈ።

ሰኞ መ/ቤት ምን እንደሚለኝ አላውቅም። ሊያባርሩኝ ይችላሉ።

ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡት 3 ሰዓት ላይ ነው። ጽጌ አብሬህ ካልሄድኩ አለች። የወንዶች ሸንጎ ነው አልኳት። ታዲያ ውጭ እቆማለሁ ብላ ጫማዋን እያጠለቀች ነው። በሶማሊኛ ተለማመድኩ፦ አኒጋ አያ ቆረይ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ወገንህን ቁጠር ቢሉኝ እነሱ እስከ አሥር አያት ይሄዳሉ፣ እኔ ሦስተኛው ላይ ያልቅብኛል። ይበቃል። ሁለት ሰዓት ከአርባ። ቁርአኑ ለአብዲረሺድ ሳይቀርብለት መድረስ አለብኝ፣ ባጃጅ ከጠፋ በእግሬም እሄዳለሁ።