በግራዬ ያስቀመጥኩት ብርጭቆ

ነሐሴ 2፣ ዓርብ

ዛሬ አሥራ አንድ ሱሪ አሳጠርኩ። አንድ ዚፕ ቀየርኩ። አለቃዬ ለሳምንት እንደማልኖር ስነግረው ፊቱን አጠቆረ... ይቻለው። ስምንት ዓመት ሙሉ አሌክሳንድሪያ ላውንደሪ ቤት ውስጥ መርፌ ይዤ ተቀምጫለሁ፤ አንድ ሳምንት ምን አላት?

እሁድ ከባልቲሞር መርከብ እንሳፈራለን። እህቴ ወለተሥላሴ፣ ባሏ መንገሻ፣ ልጃቸው ሶሊ እና እኔ። የተጋቡበት ሃያኛ ዓመት ነው። የእኔንም መንገሻ ከፈለ። "ስሂን ሳትኖር ምን በዓል አለ?" አለ። ሰው መጋበዝ ነፍሱ ነው። ግን ትኬቱን ሲቆርጥ ያየው የፈረንጁን ካላንደር ብቻ ነው። ለካ ፍልሰታ መሃል ገብቶ ኖሯል!

ወለተሥላሴ ኮል አደረገች። "መንገደኛ ነን፤ እግዜር ያውቅልናል። አንቺም እንዳታካብጂ።" እሺ አልኳት። እጾማለሁ... ግን ለማንም አልናገርም። እየጾምኩ መሆኔን ካወቀች የምትበላው አይጥማትም።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

ባሕሩ አያልቅም። የደረሰን ክፍል የሶሊ እና የኔ ነው። አሥራ አምስት ዓመቷ ብቻ ነው፤ እግሯ ግን ከአልጋው ሊያልፍ ምንም አልቀረው። ትናንት አንቀልባ ውስጥ የነበረች ልጅ! ጠዋት "አክስቴ፣ ዩ ስኖር" አለችኝ። እኔ? በሕይወቴ አንኮራፍቼ አላውቅም።

እራት ላይ መንገሻ ወይን አስከፈተ። አስተናጋጃችን ጆኤል ይባላል፤ ፊሊፒኖ ነው፤ ቀጭን፣ ፈገግታው የማይጠፋ። ለእኔም ቀዳ። አልጠጣም ብል "ለምን?" ይመጣል። "ለጤናችን!" ብዬ ከንፈሬን አስነካሁና ብርጭቆውን በግራዬ አስቀመጥኩት። ሥጋውን ደግሞ ሰላጣ ሥር ደበቅኩት። ሶሊ የምትቀመጠው በግራዬ ነው።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

ጆኤል ሳልጠይቀው ምስርና ሩዝ አመጣልኝ። ጎንበስ ብሎ፣ "ቅቤ የለውም፣ ማዳም" አለኝ ቀስ ብሎ። ትናንት ሰላጣ ሥር የደበቅኩትን አይቷል ማለት ነው። ለማንም ግን ትንፍሽ አላለም። እግዜር ይስጠው!

ብርጭቆዬ ጎድሎ አገኘሁት። ሶሊን አየኋት... ወደ መስኮቱ ዞረች። ምን ልበላት? እኛስ በዓመት በዓል ጠጅ እየቀመስን አይደል ያደግነው? እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለኝ። ሙሉ ሆኖ ቢቀመጥ መንገሻ ይጠይቀኝ ነበር።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

ትናንት የጋብቻቸው እራት ነበር። መጀመሪያ ሻምፓኝ፣ ከዚያ ቀይ ወይን፣ በመጨረሻ አንድ ጣፋጭ ነገር... ሦስቱም ተቀዱልኝ። ሦስቱንም በግራዬ አስቀመጥኳቸው። ሦስቱም ባዶ ሆኑ። አላየሁም ልበል? አይቻለሁ። መንገሻ በሠርጋቸው ቀን መኪናው ጭቃ ውስጥ እንዴት እንደቀረ ሲያወራ እየሳቅኩ፣ በዓይኔ ጥግ አይቻለሁ።

ከእራት ስንወጣ ሶሊ ደረጃው ላይ ወደቀች። አስመለሳት። ስንጠራት አትመልስም። የመርከቡ ነርስ ጋ ተሸክመናት ሮጥን፤ ጉሉኮስ አደረጉላት። ወለተሥላሴ እንደዚያ ስትጮህ ያየኋት አባታችን የሞተ ጊዜ ብቻ ነው። በኋላ ልጅቷ ዓይኗን ገለጠችና እጄን ፈለገች። የእናቷን አይደለም፤ የእኔን። አሁን ደህና ናት፤ አጠገቤ ተኝታለች። የኔ እናት... ብትሞትብኝስ ኖሮ?

መንገሻ ጆኤል ላይ ጮኸበት። "ልጄን ያጠጣሃት አንተ ነህ!"

"ለእሷ አልቀዳሁም፣ ሰር" አለ ጆኤል። ከዚያ አየኝ። ምስጢሬን ጠብቆልኝ የለ? እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ።

ነሐሴ 10

ሌላ አስተናጋጅ መጣ። ያመጣልኝ ሁሉ ቅቤ አለበት። ዳቦ በላሁ።

ነሐሴ 15፣ ሐሙስ

ሥራ ላይ እያለሁ መንገሻ ደወለ። ከመርከቡ ድርጅት ኢሜይል መጥቷል። ጆኤል ከሥራ ታግዷል። ማዕዱ ላይ የነበርን ሁሉ ያየነውን እንድንጽፍ ይፈልጋሉ፤ ጥፋቱ የሱ ከሆነ ያሰናብቱታል። "ይገባዋል!" አለ መንገሻ። "ዛሬውኑ ጻፊ።"

ትንሽ ቆይታ ሶሊ ራሷ ደወለች። እያንሾካሾከች።

"አክስቴ፣ አይ ዎንት ቴል። አልናገርም።"

"ምኑን?"

"የማን ብርጭቆ እንደሆነ። ጾም ላይ ነበርሽ። አይ ኖው። ማሚ ካወቀች ትቀየምሻለች።"

ስልኩን ዘግቼ የሰው ቀሚስ ላይ አለቀስኩ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ለእኔ ብላ ትዋሻለች። ከማን ተማረችው? መርከቡ ላይ አጠገቧ ተቀምጬ ዝም ያልኩት እኔ አይደለሁ?

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

በዓሉ ትናንት ዓርብ ስለዋለ ጾሙ ዛሬ ተፈታ። ከሥራ በቀጥታ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እህቴ ቤት ሄድኩ። ዶሮው ሳይቀርብ ልናገር ብዬ ወሰንኩ፤ ከበላሁ በኋላ ወኔው አይኖረኝም።

"ብርጭቆው የኔ ነበር" አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ማክሰኞ ዕለት ጎድሎ ማየቴን፣ ደስ ማለቴን ጭምር። ሶሊ አንገቷን ደፋች። መንገሻ ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ።

ወለተሥላሴ ስለ ልጇ ትጮህብኛለች ብዬ ነበር።

"ጾም ላይ ነበርሽ?" አለች። "እኔ ፊትሽ ሥጋ ስቆርጥ ዝም ብለሽ ታይኝ ነበር?"

"እንዳይከፋሽ ብዬ..."

"አሁን አልከፋኝም?" ድምጿ ተሰበረ። "እህትሽ አይደለሁም? ጾም ላይ ነኝ፣ አልጠጣም ማለት ነበር! አንድ ቃል! ልጄ..."

እውነቷን ነው። ዶሮውን ሳልቀምስ ወጣሁ። ሶሊ እስከ መኪናው ተከትላኝ መጣች።

"እኔ ነኝ እኮ የጠጣሁት" አለችኝ፤ በአማርኛ።

"ገና ልጅ ነሽ። ትልቋ እኔ ነኝ፤ እያየሁሽ ዝም ያልኩት።"

ነሐሴ 18፣ እሁድ

ለድርጅቱ ጻፍኩ። እንግሊዝኛውን ሶሊ በስልክ አስተካከለችልኝ። "ጆኤል ለልጅቷ አልቀዳም። አጠገቧ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ስትጠጣ አይቼም ዝም አልኩ።" ሶሊ፣ "እኔም ልፈርም?" አለች። አይሆንም አልኳት፤ ይሄ የኔ ነው። ሰላምታው ላይ "ዲር ሰር" የሚለው ይበቃል አይበቃም ተብሎ ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። ሳቅን። ከዚያ ቀን ወዲህ መጀመሪያችን ነው።

ነሐሴ 27

መንገሻ አልደወለም። ወለተሥላሴም። ይገባቸዋል... ግን ጨነቀኝ።

ጳጉሜን 3

ከድርጅቱ ኢሜይል መጣ። ሁለት መስመር። ጆኤል ወደ ሥራው ተመልሷል። አሥር ጊዜ አነበብኩት። ለወለተሥላሴ ላኩላት። መልስ የለም። ማታ ላይ ግን አንዲት አጭር ቴክስት፦ "እሁድ ነይ።"

መስከረም 4፣ እሁድ

የአዲስ ዓመት ምሳ እህቴ ቤት ነበር። በሩን ስትከፍት ሳመችኝና፣ "ከስተሻል" አለች። ሌላ ነገር አላነሳችም። ሳህኔን ግን ራሷ ሞላችልኝ፤ ትልቁን ብልት።

መንገሻ ጠጅ ይዞ ዞረ። እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። ሃያ ዓመት ሲቀዳልኝ አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም።

"ትጠጫለሽ?" አለኝ።

ወለተሥላሴ ታየኛለች።

"አንድ ብቻ" አልኩት። ቀዳልኝ። እስከ መጨረሻው እኔው ጠጣሁት፤ ባዶውን ብርጭቆም በቀኜ አስቀመጥኩት። ሶሊ በግራዬ ተቀምጣ ነበር፤ ውሃዋን አንስታ "ለጤናችን፣ አክስቴ!" አለችኝ።