ለአባዬ አርባ ውሃ የተውሁበት ሳምንት

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ዛሬ ትምህርት ቤት ብቻ ዘጠኝ ጊዜ ለሽንት ወጣሁ። ሦስቱ በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ። ሰሌዳው ላይ የማካፈል ጥያቄ ጽፌ መልሱን ሳልጨርስ ጠመኔውን ጥዬ ወጣሁ። ስመለስ አንዷ ተማሪ ተነስታ ጨርሳልኛለች። ልክ ነበረች።

ሽንት ቤቱ ከሜዳው ማዶ ነው። በዚህ ፀሐይ ሜዳውን የምትሮጥ መምህርት እኔ ብቻ ነኝ። ደርሼ ስቀመጥ የሚወርደው ጠብታ ነው፤ እሱም ያቃጥላል። አንጀቴ ደግሞ ተራውን ይጠብቃል። አንዱ ሲተወኝ ሌላው ይይዘኛል። ርዕሰ መምህሩ በረንዳ ላይ አገኙኝና “መምህርት ጥሩወርቅ፣ ክፍልሽ እኮ ያለ መምህር መማር ለመደ” አሉኝ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ።

ከሰዓት እታለም ደወለች። ታላቅ እህቴ ናት፤ ሳንጃ፣ አባዬ ቤት ያለችው እሷ ናት። የአባዬ አርባ ቅዳሜ ነው። “እንዳትረሽው ብየ ነው” አለችኝ። የገዛ አባቴን አርባ!

ግን በምን አፌ ልቆጣት። መስከረም ላይ ሲያርፉ ቀብራቸው ላይ አልነበርሁም። አንጀቴ ተነስቶብኝ ደም ያስቀምጠኝ ነበር፤ ከአልጋ ወደ ሽንት ቤት፣ ከሽንት ቤት ወደ አልጋ። ለእታለም ግን “መንገድ ተዘግቶ ነው” አልኋት። በዚያው ቀን ከዚሁ ከመተማ የተነሳ ዘመዳችን ለካ ቀብሩ ላይ ደርሶ አብሯት አልቅሷል። ውሸቴ አንድ ቀን እንኳ አላደረም። አልቃሿም አልማረችኝ። እታለም ቃል በቃል ነገረችኝ፤ እንዲያመኝ ነው የነገረችኝ፦

መተማ ሰሊጡ ደረሰ ይሉኛል፣
ልጄ እሱን ስትለቅም ማን ይቀብረኛል።

እዚህም ለቅሶ ተቀምጬ ነበር። ባለ ለቅሶ ከፍራሹ አይነሳም፤ እኔ በየአስር ደቂቃው ተነሳሁ። ከጓሮ ስመለስ ሁለት ሴቶች “እንባ ስለሌላት ነው የምትሸሸው” ሲባባሉ ሰማኋቸው። እንባማ ነበረኝ። ጊዜ ነው ያጣሁት።

ሕመሜን የሚያውቀው ባሌ ደሳለኝ ብቻ ነው። እሱም የሚያውቀው ግማሹን ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

መናኸሪያ ሄጄ ለአርብ ጧት ቦታ ያዝሁ። መኪናዎቹ የሚሄዱት በአጀብ ነው፤ ተሰልፈው አንድ ላይ ይወጣሉ፣ መሃል ላይ አንዱ ልቁም ቢል አይቆምም። ረዳቱን “ሰው ቢቸገርስ?” አልሁት። “እትዬ፣ ችግርሽን እቤትሽ ጨርሰሽ ነይ” አለኝ። ቀልዱን ነው። ልቤ ግን ወረደ።

ጎንደር ለማደር አንድ ቀን፣ ከጎንደር ሳንጃ ግማሽ ቀን። ያለሁበትን ሁኔታ ሳስበው አገር ለቅቆ እንደመሰደድ ነው።

ዘዴ ግን አገኘሁ። ሰው ያልጠጣውን አይሸናም። ከነገ ቀትር ጀምሮ ውሃ የለም። ሻይ የለም። ወጥ የለም። ደረቅ ዳቦ ብቻ። የምይዘው፦ ጥቁር ቀሚስ ሁለት፣ የውስጥ ልብስ ስድስት፣ አሮጌ አንሶላ ተቀድዶ፣ ፌስታል ብዙ፣ ሳሙና፣ ሽቶ። ሽቶው ለለቅሶ አይሆንም፤ ይሁን።

ለአንጀቴ የምወስደው ክኒን ነሐሴ ላይ አልቋል። የማገኘው ጎንደር ነበር። ሐኪሙ ያኔ “የአንጀት መቆጣት ይባላል፤ ጨርሶ አይድንም፣ መድኃኒቱን ካላቋረጥሽ ግን ይታገሳል” ብሎኝ ነበር። አቋረጥሁ። መንገዱን ፈርቼ።

ደሳለኝ ከእርሻው ደወለ። ኮኪት አካባቢ ትራክተር ይነዳል፤ አጨዳ ላይ ስለሆኑ እዚያው ነው የሚያድረው። ስለ ውሃው አልነገርሁትም። “ደህና ነኝ” አልሁት። በቀን ስንት ጊዜ ነው ይህን ቃል የምለው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ጤና ጣቢያ። ብቻዬን መሄድ ፈልጌ ነበር፤ አከራያችን እትዬ ዘነቡ “እኔም ግፊቴን ልለካ” ብለው ተከተሉኝ። ደግ ሴት ናቸው። መንገዱን ሙሉ የሽንቴን ነገር ሲያስረዱኝ መጡ። “ፀሐይ የጋለው ድንጋይ ላይ ሸንተሽ ነው፤ ይኸ አገር ድንጋዩም ይናደፋል። የከርከዴ አበባ አፍልተሽ ጠጭበት።” እሽ አልኋቸው።

ሽንቴ ተመረመረ። እንደ በፊቱ መግል አለው። ከክረምት ወዲህ ይህ አራተኛው ነው፤ ክኒኑን ስውጥ ይተወኛል፣ ሳምንት ቆይቶ ይመለሳል። ሲስተሯ ካርዴን እያገላበጠች “ለምን ይመላለሳል? ሌላ የሚሰማሽ ነገር አለ?” አለችኝ። በሩ ክፍት ነው። እትዬ ዘነቡ እጃቸውን ለግፊት ዘርግተው ጆሯቸውን ለእኔ ሰጥተዋል።

“የለም” አልሁ።

አለ። እዚህ እንኳ ልጻፈው። ከሐምሌ ጀምሮ ሽንቴን ስጨርስ ንፋስ ይወጣል። ከፊት። ሽንቱ ይቆራረጣል፣ አረፋ አለው፣ ሽታውም የሽንት አይደለም። ይህን እንዴት ብሎ ሰው ለሰው ይናገራል? ደሳለኝ የማያውቀው ግማሽ ይኸ ነው። አንዳንዴ ውስጤ የሞተ ነገር ያለ ይመስለኛል።

ሲስተሯ ክኒኑን ጻፈችልኝና “ውሃ በብዛት፣ በጣም በብዛት” አለች። አመስግኜ ወጣሁ። ሰዓቱ ስድስት ሆኖ ነበር፤ ቀትር። ክኒኑን በምራቄ ዋጥሁት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

አራት ጊዜ ብቻ! ከጧት እስከ ማታ አራት! አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ሳልወጣ አስተማርሁ። ልጆቹ ገረማቸው። አንዱ በሩን አየ፣ እኔን አየ፣ በሩን አየ።

የወረደው ግን ቀለሙ የቆየ ሻይ ነው። ከንፈሬ ተሰነጠቀ። ሰሌዳው ላይ ስጽፍ ፊደሉ ሁለት ሁለት እየሆነ ታየኝ። ጀርባዬን ከጎኔ በኩል አንድ ነገር ይወጋኛል። በዚህ ወር መተማ ላይ ውሃ መተው ቀልድ አይደለም። እኔ ግን አንድ ቀን ብቻ ነው የቀረኝ። ለአንድ ቀን ሰው ምን አይችልም።

ደሳለኝ ሊሸኘኝ ፈቃድ ጠይቆ መጣ። አብሮኝ ሊሄድ አይችልም፤ ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም፣ ሁለት ቀን ከዘገየ አፉን ከፍቶ መሬት ላይ ይራገፋል። ገብቶ እጁን ታጥቦ ሊጠጣ ጋኑን ሲከፍት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ባለፈው እሑድ እሱ ራሱ ከሞላው ወዲህ ብዙም አልጎደለም። ዞሮ አየኝ።

“ተመቼ ጀምሮ ነው ያልጠጣሽ?”

ጋኑን ከደንሁት።

“አንች ሴትዮ፣ አባትሽ አንዴ ሞተዋል። አንችን ደሞ በሳቸው አርባ ላይ ልቅበርሽ?”

ብርጭቆ ሞልቶ አፌ ላይ አስጠጋው። መታሁት። ፈሰሰ። “እሄዳለሁ!” አልሁት፣ “ቀብሩም ቀርቶ አርባውም ቀርቶ ሳንጃ ላይ በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ? ልጅ አልነበረቻቸውም ይባልላቸው?” ጮህሁበት። አሥር ዓመት አብረን ስንኖር እንዲህ ጮኼበት አላውቅም። ቁጭ ብሎ የፈሰሰውን በጨርቅ አደረቀ። “እሽ” አለኝ፣ “እሸኝሻለሁ።”

ክፉ ሆንሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22፣ ጧት

ትናንት አልጻፍሁም። አሁንም እጄ ላይ መርፌ አለ፤ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው።

ያለሁት ገንዳ ውሃ ከተማ፣ ሆስፒታል ነው። ከመተማ የሄድሁት ይችን ታህል ነው።

የትናንቱን ልጻፍ። ደሳለኝ ሚኒባሱ ላይ አሳፍሮኝ፣ መኪናው እስኪንቀሳቀስ በመስኮቱ ጣቴን ይዞ ቆመ። ኮኪት ድረስ ደህና ነበርሁ። በልቤ “አየህ?” እለው ነበር። ከኮኪት እንደወጣን ኬላ ላይ ሰልፉ ቆመ። የፊተኛው እስኪያልፍ ነው ተባለ። ማንም እንዳይወርድ ተባለ። ቆርቆሮው ጋለ። አንድ ሰዓት። ከዚያ በላይ። መጀመሪያ በረደኝ፤ በዚያ ሙቀት ጥርሴ ተንቀጫቀጨ። ከዚያ ጎኔን ወጋኝ። ከዚያ የያዝሁትን ሁሉ መያዝ አቃተኝ፤ ሁለቱንም። ያልጠጣሁት ውሃ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

ሰው ዞሮ አየኝ። ልጅ የታቀፈች አንዲት እናት ግን ነጠላዋን አውርዳ ከወገቤ እስከ እግሬ ሸፈነችኝና “ዙሩ ወደፊት! ሰው ታሞ አታውቁም?” አለች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋት። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የሆስፒታሉን ጣሪያ አምፖል ነው።

ሐኪሟ አጭር፣ ቁጡ ሴት ናት። ጉሉኮስ ሰቀለችልኝ፤ ሽንቴን በቱቦ ወደ ከረጢት አደረገችው። የአንጀቴን ነገር ነገርኋት፣ የሽንቴን መመላለስ ነገርኋት። መጋረጃውን ስባ ዘጋች። ከዚያ ጎንበስ ብላ “ስትሸኝ አየር ይወጣል?” አለችኝ።

ጥያቄ ነበረው ማለት ነው! እኔ በዓለም ላይ የእኔ ብቻ ነው ብዬ አራት ወር የደበቅሁት ነገር፣ እሷ ራስሽን ያምሻል ወይ እንደማለት ጠየቀችኝ። “አዎ” አልሁ። እንባዬ መጣ። አላስቆመችኝም፤ ወረቀቷ ላይ ጻፈች። የተቆጣው አንጀት ከሽንት ፊኛው ጋር ተጣብቆ ቀዳዳ ሳያበጅ አይቀርም አለች። ከአንጀት ወደ ፊኛ ያልፋል፤ ለዚያ ነው ክኒኑ የማያድነኝ። ጎንደር ሄጄ ራጅ መነሳት አለብኝ፤ ምናልባትም ቀዶ ጥገና።

“ውሃ መተውሽ ደሞ ኩላሊትሽን ሊያበላሸው ነበር” አለች። “ይኸን ነገር ቀደም ብለሽ ለምን አልተናገርሽም?”



ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ለእታለም ደወልሁላት። ድንኳን ውስጥ ነበረች፤ ድምፁ ይሰማል። “ዛሬም?” አለች ገና ሃሎ ሳልላት። “ዛሬም ቀረሽ አይደል?”

ሁሉንም ነገርኋት። ደሙን፣ ሽንቱን፣ ንፋሱን፣ ሚኒባሱን። መስከረም ላይ የዋሸኋትን። ድፍን ክፍሉ ይስማኝ ብዬ ነገርኋት። የተቋረጠ መስሎኝ “አለሽ?” አልኋት። “አለሁ” አለች፣ “ቄሶቹ ሊጀምሩ ነው። አልዘጋውም፤ ስሚ።”

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ሰማሁ። ጸሎቱን፣ የአባዬን የክርስትና ስም፣ ኋላም የሴቶቹን ለቅሶ። ያን ጊዜ እኔም ጀመርሁ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ “አባዬ፣ አባዬ” እያልሁ። የጎረቤት አልጋ አስታማሚዎች መጀመሪያ የሞተብኝ አሁን መስሏቸው ሮጠው መጡ። ነገሩ ሲገባቸው አንዷ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ሌሎቹም ተከተሉ። አልጋዬ ዙሪያ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ የቀን ሠራተኛ የሆነ ወንድሟን የምታስታምም አንዲት የወሎ ሴት አባቴን አንድም ቀን ሳታውቅ አብራኝ አለቀሰች።

እስኪወጣልኝ አለቀስሁ። ቱቦው ስላለ አንድም ጊዜ አልተነሳሁም።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

ትኩሳቱ በረደ። ደሳለኝ ጧት በትራክተር ተሳቢ ላይ ተጭኖ መጣ፤ ፀጉሩ ሁሉ የሰሊጥ ገለባ ነው። አልተቆጣኝም። ሦስት ብርጭቆ ውሃ እያየኝ አስጠጣኝ።

ማክሰኞ በአምቡላንስ ጎንደር ይወስዱኛል። ሐኪሟ አልደበቀችኝም፤ ቀዶ ጥገና ካስፈለገ ለጥቂት ወራት ሰገራዬ በሆዴ ላይ በከረጢት ሊወጣ ይችላል። ክፍሉ ፊት እንዴት እቆማለሁ? ቤተ ክርስቲያንስ? ደሳለኝ “መጀመሪያ ዳኝ” ይላል። ፈርቻለሁ። መፍራቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርሁት።

እታለም ደወለች። ድምጿ ተዘግቷል፤ ትናንት ስታለቅስ ውላ። ማክሰኞ ጎንደር ሆስፒታሉ በር ላይ ትጠብቀኛለች። የሌሊት ልብስና አብሽ ይዛ። “ብትነግሪኝ ኖሮ” አለች፣ ከዚያ ተወችው።

“አባየ ያውቁ ነበር?” አለችኝ።

“አላወቁም። እንዳይጨነቁ ብዬ።”

ነሐሴ ላይ ደውለው “ብቅ በይ እስቲ፣ ዓይንሽን ልየው” ብለውኝ ነበር። ትምህርት ሊከፈት ነው፣ ሥራ አለብኝ አልኋቸው። እሽ ልጄ፣ ሥራሽን ሥሪ አሉኝ። ያ የመጨረሻችን ነው።

ይህንንም ለእታለም ነገርኋት። “ቢያውቁማ” አለች፣ “ያን ጊዜ ገና ይራመዱ ነበር። እሳቸው ይመጡልሽ ነበር እኮ።”

ይመጡ ነበር። አባዬን አውቃቸዋለሁ፣ ይመጡ ነበር።