በትልቁ ቴሌቪዥን ያየሁህ ዕለት

ይበልጣል ሆዴ፣

እንደምን ከረምህ ብዬ ልጀምር አልሁና እጄ ቆመ። ላንተ ክረምቱም በጋውም አንድ ነው። እኛ ግን ስንቆጥር ቆይተናል፤ ከተለየኸን ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሦስተኛ ሙት ዓመትህን እዚያው ማንኩሳ፣ ካረፍህበት ደብር አወጣን። ዘመድ ጎረቤቱ አልቀረም። ቄሶቹ ስምህን ሲጠሩ እንደ ድሮው አላለቀስሁም፤ ቆሜ ሰማሁ።

የቤቱን ወሬ ልንገርህ። እናትህ አሁን ከእኔ ጋር ፍኖተ ሰላም ናቸው። ቆብ ጭነው እማሆይ ተብለዋል። "ከአገሬ አልወጣም" ብለው ብዙ ካስቸገሩኝ በኋላ የመጡት፣ ዓይናቸው ደክሞ በርን ከግድግዳ መለየት ሲያቅታቸው ነው። የአንዱ ዓይናቸው ሞራ ተገፎላቸዋል፤ ሐኪሙ ግን "ከዚህ በላይ አይሻልም፣ ትልቅ ነገር በቅርብ ከሆነ ያያሉ" አለን። ራዲዮና ቴሌቪዥን ትጠግንበት የነበረውን ክፍል ለእሳቸው ሰጥቼ የስፌት መኪናዬን ወደ በሩ አወጣሁ። መፍቻዎችህንና መበየጃህን ከአልጋዬ ሥር በሣጥን አኑሬያቸዋለሁ። አልሸጥኋቸውም።

በፍልሰታ ሰሞን የሠርጋችንን ቪዲዮ በስልኬ ከፈትሁላቸው። እማሆይ ስልኩን አስጠግተው አዩት፣ አራቁት፣ እንደገና አስጠጉት።

"ልጄ የትኛው ነው? እኔስ ጉንዳን ሲርመሰመስ ነው የሚታየኝ" አሉ። ከዚያ ያዘንሁ ስለመሰላቸው "ግድ የለም፣ ድምጡን ሰምቻለሁ" ብለው ስልኩን መለሱልኝ።

ያች "ግድ የለም" አላስተኛ አለችኝ። ትንሹ ቴሌቪዥናችን መብራት ሄዶ ሲመለስ ተቃጥሏል፤ ቢኖርም ለእሳቸው ዓይን አይበቃም ነበር። አዲስ ትልቅ ቴሌቪዥን ደግሞ ለእኔ የማይታሰብ ነው። ከስፌት ያጠራቀምሁት ላገለገለ ዕቃ ብቻ ይበቃል፤ ያውም ከተሳሳትሁ ሁለተኛ ዕድል የለኝም። ያገለገለ ዕቃ መግዛት የምትወደው አንተ ነበርህ። እኔማ ከጎንህ ቆሜ "አሁንስ በቃህ፣ እንሂድ" የምል ነበርሁ።

መጀመሪያ መናኸሪያው አጠገብ ካለ አንድ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ገባሁ። ግድግዳውን የሞላ ቴሌቪዥን ዘፈን ከፍቶ ያበራል። ቀለሙ ዓይን ይወስዳል፣ ዋጋውም ከያዝሁት ጋር ይቀራረባል። ልከፍል እጄን ወደ ጉያዬ ስሰድ፣ "ቴሌቪዥን በዘፈን አይገዛም" የምትለው ትዝ አለኝ። ነጭ፣ ጥቁርና ቀይ ሥዕል ብቻ የጫንህባትን ፍላሽህን ይዤ ነበርና ባለሱቁን ሰክተው ያሳዩኝ አልሁት። ነጩ ሲመጣ ከታች በኩል ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ጥላ ታየ።

"ይቺ ምንም አትል እቴ፣ ፊልም ስታይ አትታወቅም" አለኝና ዋጋውን ቀነሰልኝ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ልቤ ሸፈተ። ሆኖም "እስኪሞቅ ጠብቂ" ትለኝ ስለነበር ወንበር ለምኜ ተቀመጥሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ መስመር ተሰመረበት። ባለሱቁ ሪሞቱን አስቀምጦ "ይህን ማን አስተማረሽ?" አለኝ። "ባለቤቴ" አልሁት። ስወጣ የሁለት ዓመት ስፌቴን ከእሳት እንዳወጣኸው ቆጠርሁት።

ከዚያ አንዲት ደንበኛዬ "ቡሬ ያለች አንዲት ነርስ ሥራዋ ወደ ሌላ አገር ስለተዛወረ ዕቃዋን እየሸጠች ነው" አለችኝ። በነጋታው በጠዋት ሄድሁ። ነርሷ ገና ቤት ሳልገባ "ሪሞቱ ጠፍቷል፣ አንዱ ድምጥ ማጉያም ይንጣጣል፤ ይህን አውቀሽ እይው" አለችኝ። ጉድለቱን አስቀድሞ ከሚናገር ሰው ግዢ ትለኝ ነበር፤ ደስ አለኝ። ባለ ሃምሳ አምስት ኢንች ነው። ነጩን አየሁ፣ ጥቁሩን አየሁ፣ ከጎንም ከፊትም አየሁ። ምሳ እስክንበላ ሳይጠፋ ቆየ። ጀርባውን በመዳፌ ስነካ ለብ ብሏል እንጂ አያቃጥልም። አንተ ስትነካው እንደማየው ነው የነካሁት። ለመጓጓዣ የሚሆነኝን ቀንሳልኝ ተስማማን።

የሚኒባሱ ሹፌር ከላይ አስተኝቼ ልሰረው አለ። ቴሌቪዥን ተኝቶ አይሄድም ብዬ እንቢ አልሁ። ለእሱም የሰው ወንበር ከፍዬ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ አቁሜ አቀፍሁት። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ትንሽ አዩኝና፣

"ምን ያለ በሽተኛ ነው ልጄ፣ እንዲህ በብርድ ልብስ ያቀፍሽው?" አሉኝ።

"በሽተኛስ አይደለም አባቴ፣ ሙሽራ ነው" አልሁ።

"እንግዲያውስ ሹፌር፣ ቀስ በል፤ ሙሽራ ጭነናል" ብለው ሰውን ሁሉ አሳቁት። ሰሙ ለእነሱ ነው፤ ወርቁን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። ማንኩሳ ስንደርስ እጄ ስለተያዘ አንገቴን ብቻ ዝቅ አድርጌ ደብርህን ተሳለምሁ።

ቤት ስደርስ ጎረቤታችን ቴሌቪዥኑን ጠረጴዛው ላይ አወጣልኝ። እማሆይን ከፊቱ በርጩማ ላይ አስቀመጥኋቸውና የሠርጋችንን ፍላሽ ሰካሁ። ከመኪናው ስትወርድ ፊትህ የቴሌቪዥኑን መስኮት ሞላው። እማሆይ በትራቸውን ይዘው ተነሡ፣ ተጠጉ፣ ጉንጭህን በእጃቸው ዳበሱ።

"ጠጉሩን ማን ነው እንዲህ ያበላሸው?" አሉ።

ሳቅሁ። እሳቸው ግን እንባቸው በነጠላቸው ላይ ይወርድ ነበር። "አየሁት። እሱው ነው። ተመስገን" አሉና ሳይቀመጡ ቆመው ማየት ጀመሩ።

ይበልጣል፣ ያልጠበቅሁት ከዚህ በኋላ ነው የመጣው። ከመኪናው እስከ ዳሱ የሄድንበትን ታስታውሳለህ? አቧራ እንዳይነሣ የተረጨው ውኃ ከበረቱ በር ላይ ጭቃ ሠርቶ ነበር። በስልክ ሳየው ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ምንም አይለይም። በትልቁ መስኮት ግን ግራ እጅህን አየሁት። በቀኝህ ሰው እየጨበጥህ፣ በግራህ ከኋላዬ የቬሎዬን ጫፍ ከጭቃው አንሥተህ ይዘሃል። ዳሱ እስክንደርስ አለቀቅኸውም። የተከራየሁትን ቬሎ ስመልስ አከራይዋ "ከገጠር ሠርግ እንዲህ ንጹሕ ሆኖ የተመለሰ አላየሁም፣ ጠንቃቃ ሙሽራ ነሽ" ብላኝ ነበር። ምስጋናውን ለብቻዬ ወሰድሁት። አንተም አጠገቤ ቆመህ ሰምተህ ዝም አልህ።

"እማሆይ፣ ቀሚሴን ይዞልኝ ነበር" አልሁ።

"አታውቂም ኖሯል? እኔስ ያን ዕለት አይቻለሁ። አባቱን ጠርቼ፣ ልጅህ ሚስቱን ወደዳት፣ ከእንግዲህ አታስብ አልሁት" አሉኝ።

አሁን እማሆይ ቅዳሴውንም በዚያው ይከታተላሉ፤ የካህኑን እጅ መስቀል አየሁ ብለው ሲነግሩኝ ልጅ ይመስላሉ። እኔም በስፌቴ ላይ አጎንብሼ ስንት ሌላ ነገር እንዲህ በዝምታ አድርገህልኝ አልፈህ ይሆን እያልሁ አስባለሁ። ያላየሁትን ሁሉ ዛሬ ባንድ ላይ አመሰግንሃለሁ።

በሙት ዓመትህ በሰው ፊት አስብሃለሁ፤ እሱ የአገር ወግ ነው። ነገር ግን አንተ ሰው ሳያይህ ደግ እንደሆንህልኝ፣ እኔም ሰው ሳያየኝ አስብሃለሁ።

ባለቤትህ ጥሩወርቅ
ፍኖተ ሰላም