በየትኛው መንገድ እንደምትመጪ

ለማከብርሽ ታላቄ፣ ለእታለሜ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ደረጃ መውጣት ቻልሽ ወይስ አሁንም ልጆችሽ ደግፈው ነው የሚያወጡሽ? ባለቤትሽንስ ያ ሳል ለቀቀው? እኔ ደህና ነኝ። ዓይኔ ብቻ ማታ ማታ ይደክማል፤ እሱም ከንባብ ብዛት ነው እንጂ ከክፉ አይደለም።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «የእናታችንን መቃብር ሳላይ አልሞትም፤ በየትኛው መንገድ ልምጣ?» የምትለው መስመር ላይ ስደርስ ወረቀቱን አስቀምጬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። መንገድ የሚነግርሽ ሰው ጠፍቶ አይደለም እኔን የጠየቅሽኝ። እናታችን እዚህ እኔ ቤት ተኝታ ሳለ በጎረቤት ስልክ ወደ እናንተ የሚመጣው የትኛው አውቶቡስ ነው ብትዪኝ፣ ማንበብ አልችልም ማለት አፍሬ ቀዩ ነው አልኩሽ። ወደ ወደቡ የሚሄደውም ግን ቀይ ነበር። አንቺ ወደቡ ከተማ ስትደርሺ እሷ በር በሩን እያየች አለፈች። አንድም ቀን አላነሳሽብኝም። ብትቆጪኝ ይቀለኝ ነበር።

ስለዚህ ይህን መልስ ከሰው አፍ ለቅሜ አልጻፍኩትም፤ ሄጄ አየሁት። የምሠራበትን የልብስ ስፌት ቤት አለቃ ፈቃድ ብጠይቃት፣ ባልሽ ከሞተ ጀምሮ አንድ ቀን ቀርተሽ አታውቂም፣ ልታገቢ ነው እንዴ ብላ ሴቶቹን ሁሉ አሳቀችብኝ። በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር፤ ወረቀት ግን በእጅ ይያዛል።

እንደምታውቂው ክፍለ ሀገራችን በዋናው ከተማና በወደቡ መሃል ነው። አውሮፕላኑ በሁለቱም ያርፋል ብለሻል። በካርታ ላይ ሁለቱም እኩል ይመስላሉ፤ ለጉልበትሽ ግን እኩል አይደሉም።

መጀመሪያ የወደቡን አውቶቡስ ሞከርኩ። ርካሽ ነው፣ ወንበሩም ደህና ነው፤ ደረጃው ግን ቁም ሣጥን ላይ እንደ መውጣት ነው። ያንቺን ነገር ለማወቅ ብዬ አንዱን እግሬን ሳላጥፍ ልወጣ ስታገል ረዳቱ አየኝና፣ እማማ እግርዎን አሞዎታል አለኝ። የኔ አይደለም፣ የእህቴ ነው አልኩት። እስክወርድ ድረስ ዓይኑን ከኔ ላይ አላነሳም። ደግሞ አውቶቡሶቹ ዛሬ ሁሉም ነጭ ናቸው፤ በቀለም የሚለይ ነገር የለም።

ሚኒባስም አለ። እሱን ተዪው። ረዳቱ ሁለት ሰው ብቻ ቀረው እያለ ይጮኻል፣ ሁለቱ ሰዎች ሲገቡ ሌላ ሁለት ይቀረዋል፤ ሹፌሩም ሻዩን ይጠጣል። ሞልቶ ሲነሳ ደግሞ ያባከነውን ጊዜ ሁሉ ጠመዝማዛው ላይ ሊያካክስ ይበራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። እናቴ እያሉ ሻንጣሽን ቢይዙልሽ እንኳ እንዳትሸነፊ።

ላንቺ የሚሆነው ከዋናው ከተማ የሚነሳው ባቡር ነው። ወለሉ ከመሳፈሪያው ጋር እኩል ስለሆነ ጉልበትሽን ሳታጥፊ ትገቢያለሽ፤ መጸዳጃም አለው። አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ባቡሩ አንድ ሆኖ ይነሳና መገንጠያው ጣቢያ ላይ ለሁለት ይከፈላል። የፊተኞቹ ፉርጎዎች ወደ ወደቡ፣ የኋለኞቹ ወደ እኛ ይሄዳሉ።

ይህን ያወቅሁት ተሳስቼ ነው። ከሱቅ ሰሌዳና ከመድኃኒት ካርቶን ላይ ፊደል የለቀምኩት እኔ፣ ትልቁ ሰሌዳ ላይ የክፍለ ሀገራችንን ስም ራሴ አንብቤ ልቤ አበጠና ማንንም ሳልጠይቅ ፊተኛው ፉርጎ ገብቼ መጽሐፌን ገለጥኩ። ቀና ያልኩት ባሕሩ ሲሸተኝ ነው። ያኔ ማንበብ ባለመቻሌ አፈርኩ፤ አሁን ደግሞ በመቻሌ ኮራሁ። ሁለቱም ያደረሱን ወደቡ ነው፤ ያኔ አንቺን፣ አሁን እኔን።

ወደ ቤት የሚመልሰኝ አውቶቡስ እስኪነሳ መናኸሪያው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። እኔን የሚጠብቀኝ በሽተኛ አልነበረም፤ እንዲያም ሆኖ ያለፈውን ያገደመውን ሁሉ መቼ ነው የሚነሳው እያልኩ ጠየቅሁ። አጠገቤ የተቀመጠች ፍራፍሬ ሻጭ፣ ምነው ሰው ሞተብሽ እንዴ አለችኝ። ከረጅም ጊዜ በፊት፣ ግን ዛሬ ደረስኩ አልኳት። አንድ ብርቱካን ልጣ ሰጠችኝ። እታለሜ፣ አንቺ ያን ቀን ብርቱካን የሚልጥልሽ ሰው አግኝተሽ ይሆን?

እንግዲህ መንገዱ ይህ ነው፤ ዋናው ከተማ፣ ባቡር፣ የኋለኛው ፉርጎ። ስትሳፈሪ ግን ትኬት ቆራጯንም ጠይቂ። እሷ ከኔ የተለየ ከነገረችሽ እሷን እመኚ፤ እኔ አልቀየምም። ብቻ የምትነሺበትን ቀን ጻፊልኝ። እቤት ተቀምጬ በር በሩን አላይም። መገንጠያው ጣቢያ መጥቼ መሳፈሪያው ላይ እቆማለሁ። በፊተኛው ብትሆኚ አወርድሻለሁ፤ በኋለኛው ብትሆኚ አጠገብሽ እቀመጣለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አብረን እንሄደዋለን።

ባለቤትሽን ማር በሞቀ ውኃ ይጠጣ በይልኝ። ነርሷ ልጅሽን፣ ስላስታመመችሽ እጇን ስሚልኝ። ትንሹን ቀልደኛ ልጅሽን ግንባሩን፣ አማትሽንም ጉልበታቸውን ስሚልኝ።

ታናሽሽ

ከጣቢያው በላይ ካለው ሰፈር፣ ከመስኮቱ አጠገብ
ማክሰኞ፣ ግንቦት 6 ቀን