በዓይኔ የሰማሁት ሸክላ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት እኅቴ፣ ለእትዬ ወለተሥላሴ፤ ጎሬ።

እንደምን ከረሙ? የጎሬ ዝናብ ዘንድሮስ አባራልዎት? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ያ ቁርጥማት ተሻለዎት ወይስ እንደ ልማድዎ ለሰው ሳይነግሩ እያነከሱ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ? ልጅዎ ብዙነሽ፣ ባሏና ሕፃናቱስ ደኅና ናቸው? እኔ መድኃኔ ዓለም ይመስገንና ደኅና ነኝ። የባለቤቴን የጥሩወርቅን አራተኛ ሙት ዓመት በጥቅምት አስበናል፤ በእርስዎም ስም ጧፍ አብርቻለሁ።

ደብዳቤዎ ደርሶኝ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «የአክስታችን ልጅ ዓለሙ ከሐረር መጥቶ ጉድህን ነገረኝ፤ ለዘፈን ሸክላ ብለህ እንጀራህን ትረግጣለህ ወይ? አለቃህን ይቅርታ ጠይቅ፣ ያንንም ወረቀት ቅደድ» ብለውኛል። እትዬ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ትእዛዝዎን ጥሼ አላውቅም። ይህን ግን አልፈጽምም። ለምን እንደማልፈጽመው ከዓለሙ ይልቅ ከእኔው ይስሙት።

እንደሚያውቁት በሲኒማ ቤቱ በር ቲኬት ስቀድድ፣ የዘገየውንም በባትሪ እየመራሁ ሳስቀምጥ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አንዱን ፊልም አሥር ጊዜ አየዋለሁ። የፊልም ሙዚቃ ያለባቸው ሸክሎች ከድሬዳዋ ሲመጡ ደግሞ ነጋዴው ሙሜ በሱቁ ያሰማኛል፤ እኔም የትኛው ለመስማት እንደሚበጅ፣ የትኛው እንደማይበጅ ጽፌ ቅዳሜ ቅዳሜ በሱቁ በር ላይ እለጥፋለሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ኖታ አላውቅም። ሰው ግን ያነበዋል። ከአቦከር ሰፈር ድረስ የሚመጡ አሉ። «ሳህሉ ካለ አለ ነው» ይላሉ። ያሳበጠኝ ይህ ቃል ሳይሆን አይቀርም።

በነሐሴ አንድ የፈረሰኞች ፊልም መጣ። በመካከሉ አንዲት ሴት ቤቷን ትታ ልትሄድ ስትል ከደጃፉ ዞር ትልና ሻሿን ታስተካክላለች፤ ያን ጊዜ ቫዮሊን ይሰማል። ጥሩወርቅ ሆስፒታል የሄደች ዕለት እንዲሁ ከደጅ ዞር ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ነበር። «ለሐኪም ነው የምትዋቢው?» ብዬ ስቄባታለሁ። አልተመለሰችም። ፊልሙን አሥር ጊዜ ሳየው አሥር ጊዜ ባትሪዬን አጥፍቼ አለቀስኩ። ሸክላው ሲመጣ ታዲያ አንዱን ገጽ እንኳ ሳልጨርስ «እንዲህ ያለ ሸክላ ሐረር ገብቶ አያውቅም» ብዬ ጻፍኩ።

መርየም የምትባል ጎረቤት እዚህ ፈላና በር አለችኝ። ሲኒማ ቤት ረግጣ አታውቅም፤ ሙዚቃ ግን ነፍሷ ነው። በወረቀቴ ተማምና ገዛችው። በሦስተኛው ቀን ሸክላውን በሻርፕ ጠቅልላ ደጄ ላይ ቆመች። «አንተ ሳህሉ፣ ጆሮዬ ታሞ እንደሆነ ንገረኝ። ፈረስ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይሮጣል። ከዚያ አንዲት ድመት ጅራቷን ተረግጣ ትጮሃለች። ወላሂ ሌላ ነገር የለውም» አለችኝ። ድመት ያለችው ያንን ቫዮሊን ነው! ደሜ ፈላና «ፊልሙን ስላላየሽ ነው» አልኳት። ሳቀች። «ፊልሙንማ አላየሁም፤ የገዛሁት ሸክላ ነው። አንተ በዓይንህ ሰምተህ ለእኔ ጆሮ ፈረድክ» ብላ ሸክላውን እጄ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

ያን ሳምንት የቀመስኩት ሁሉ አልጣመኝም። እሑድ ቅዳሴ ቆሜ ሳለ መጋረጃው ተዘጋ፤ የቄሱ ድምፅ ብቻ ከውስጥ መጣ። ፊታቸውን አላየሁም፤ እጃቸውንም አላየሁም። ድምፁ ግን ብቻውን መጥቶ አሰገደኝ። መርየም እውነቷን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። በማግስቱ ሙሜ ሱቅ ሄጄ፣ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ፣ ሸክላውን ከነጀርባው ሰማሁት። ሙሜ «ተነሥ እንጂ፤ አስከሬን አስቀምጦ ይሸጣል ብለው ደንበኞቼ ሊሸሹ ነው» ይለኛል። ቫዮሊኗ ቀጭን ነበረች። ጥሩወርቅ እዚያ ውስጥ አልነበረችም። ያስገባኋት እኔ ነበርኩ። ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነው።

ሁለተኛ ወረቀት ጽፌ እዚያው ሱቁ በር ላይ ለጠፍኩ፤ እንዲህ ይላል፦ «ስለዚህ ሸክላ የጻፍኩት ስሕተት ነው። ያሞገስኩት ፊልሙን ነበር። ሙዚቀኞቹ አላጠፉም፤ ከፈረስ ኋላ የሚሮጥ ሙዚቃ ተብለው ታዘዙ፣ ሠሩ። ፈረሱ ሲወጣ ሙዚቃው ሜዳ ላይ ቢቀር የእነሱ ጥፋት አይደለም። የፊተኛው ገጽ ሦስተኛው ዘፈን ፊልሙን ላላየም ይጣፍጣል፤ ከበሮ መቺውም ይመስገን። ከፊልሙ ሰው ሁሉ የወደደው የሠርጉ ዘፈን ግን ከሸክላው ላይ የለም። ፊልሙን ያየ ለትዝታው ይግዛው፤ ያላየ አስቀድሞ ይስማው።»

ለካስ ሥራ አስኪያጃችን አቶ እንደሻው የመጀመሪያውን ወረቀት በታይፕ አስመትተው፣ ማኅተም አሳርፈው በመስተዋት ውስጥ ሰቅለውታል። ፊልሙ ለገና ሲመለስ ሸክላውን በሲኒማው በር ሊሸጡ በካርቶን አስመጥተዋል። ጠሩኝና «አንተ ቲኬት ቀዳጅ ነህ ወይስ ዳኛ? ማን ሾመህ?» አሉኝ። «የመጀመሪያውን ስጽፍም ማንም አልሾመኝም፤ ያን ጊዜ ግን ማኅተም መቱልኝ» አልኳቸው። እስከ ሰኞ ሁለተኛውን ወረቀት እንድቀድድ፣ ያለዚያ ባትሪውን እንዳስረክብ አዘዙ። ሰኞ ጧት ባትሪውን ከነድንጋዩ አስረከብኩ።

ሙሜም ፈራ። «ወላሂ እወድሃለሁ፤ ግን ሱቄንም እወዳለሁ» ብሎ ወረቀቱን አወረደና በክብር አጣጥፎ ሰጠኝ። መርየም ይህን ስትሰማ «የእኔ በር ምስማር አይመታበትም እንዴ?» አለች። አሁን እሷ በር ላይ ነው ያለው፤ ገበያ የሚወጣ የሚወርደው ቆሞ ያነበዋል።

«ለዘፈን ብለህ» ይሉኛል እትዬ። ልጅ ሳለሁ የቆየ ቅቤ ከሥር፣ አዲሱን ከላይ አድርጌ ለአንዲት ባላገር ብሸጥላት፣ እስከ መንደሯ እስከ ሶፊ በእግሬ ሰደው ገንዘቧን ያስመለሱኝ እርስዎ አይደሉም? እግሬ ተልጦ ስመለስ «እንጀራህን ረገጥህ» አላሉኝም። ዛሬ ታዲያ ምን አዲስ ነገር መጣ? ኩራት ይሆን ብዬም ራሴን መርምሬአለሁ። ኩራት ካለ ያለው የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ነው፤ ሁለተኛውን የጻፍኩት እያፈርኩ ነው። ስለ ኑሮዬ አይስጉ። ከፈላና በር ሥር ተቀምጬ ለሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ ጦሜን አድሬ አላውቅም።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልዎት ወታደር ሸክላውንም ይዟል። እርስዎ እንኳ ይህን አንብበዋልና ዳኛ መሆን አይችሉም፤ አበላሽቼዎታለሁ። ብዙነሽ ግን ምንም አልሰማችም። በባሏ ግራማፎን ያሰሟት፤ ስለ ፈረሱም ስለ ሴቲቱም አንድ ቃል አይንገሯት። ያለችውን እንዳለች ይጻፉልኝ። መልካም ነው ካለች ሦስተኛ ወረቀት እጽፋለሁ፤ በመርየም በር ቦታ አለ። አለቃ ስለተቆጣ ግን አንዲት ፊደል አልፍቅም።

ብዙነሽን ግንባሯን ይሳሙልኝ። ባሏን እጅ ነሥቻለሁ ይበሉልኝ። ሕፃናቱን አንድ በአንድ ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ። ለጎረቤትዎ ለእማሆይ ገላነሽ፣ በጸሎታቸው እንዳይረሱኝ ይንገሩልኝ። ለዓለሙም ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ወሬውን ያውራ፣ ሁለተኛውንም ወረቀት ጨምሮ ያውራ።

ታናሽ ወንድምዎ ሳህሉ
ሐረር፣ ፈላና በር
ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.