ከጠላ ቤት በረንዳ እስከ ቀበሌ ቤት፤ የአቶ ቢተው አምባቸው ሕይወት

አቶ ቢተው ከአባታቸው ከአቶ አምባቸው ፈንታሁንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸጋዬ አባተ በመካነ ሰላም አቅራቢያ ጥር 12 ቀን 1931 ዓ.ም. ተወለዱ። በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግመው ወደ እርሻቸው ተመለሱ። በ1952 ዓ.ም. ወይዘሮ ንግሥቴን አግብተው ሁለት ልጆች ወለዱ።

በ1965 ዓ.ም. በደረሰው ረሀብ ሚስታቸውንና ልጆቻቸውን በአንድ ክረምት ቀበሩ። ወደ ከተማ መጥተው አረቄ ያዙ፤ ሲጠጡ ብቻ የልጆቻቸው ድምፅ ዝም ይልላቸው ነበር። ማደሪያቸውም የወይዘሮ ቦጋለች ጠላ ቤት በረንዳ ሆነ። ወይዘሮ ቦጋለች በጠረጉ ቁጥር "ጋሼ ቢተው፣ እግርዎን ያንሱልኝ" ማለት ስለለመደባቸው፣ በረንዳው ባዶ ሲሆንም ይሉት ነበር።

በ1968 ዓ.ም. ቀበሌው ትርፍ ቤቶችን ሲያድል ሊቀመንበሩ በስብሰባ ላይ አቶ ቢተውን "መጀመሪያ መጠጡን ይተዉ" አሉ። ነዋሪዋ ወይዘሮ ዘይነባ ተነሥተው "በረንዳ የሚያድር ሰው መጠጡን ትቶ ብርዱን በምን ይቻለው? ቤቱን ስጧቸው፤ ሌላው በአላህ ፈቃድ ይደርሳል" አሉ። ስብሰባው አጨበጨበ። አቶ ቢተው ግን ከኋላ "እኔ መቼ ቤት ጠየቅሁ?" አሉ።

ቁልፉን ሐምሌ ላይ ተቀብለው ከገዛ ቤታቸው ደጃፍ ተኙ። "ስገባ ግድግዳው ይጠጋኛል" አሉ። ወይዘሮ ዘይነባም ሳይከራከሩ ሰሌን አምጥተው ግማሹን ውጭ፣ ግማሹን ውስጥ አነጠፉላቸው፤ በየቀኑም አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ ይገፉት ነበር። ጎረቤቱ ጠዋት ሲያልፍ "ዛሬ እስከ ጉልበታቸው ገብተዋል" ይባባል ነበር። ለፍልሰታ ፍቺ ሙሉ በሙሉ ገቡ።

መጠጡን በአንድ ቀን አልተዉም። ነገር ግን "ቤቴን ክፍት ትቼዋለሁ" እያሉ ጽዋውን ሳይጨርሱ መነሣት ጀመሩ። በቀጣዩ ዓመት የልጆቻቸውን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ጠርተው፣ ሳይሰክሩ አለቀሱ። ወይዘሮ ቦጋለች ጽዋ ትቶ መነሣቱን እንደ ንቀት ቆጥረው አኮረፏቸው፤ ኩርፊያቸውም የተፈታው በ1971 ዓ.ም. ሁለቱ ሲጋቡ ነው። ሙሽራዋም ወደ ሙሽራው ቤት ገቡ፤ አቶ ቢተው ቤታቸውን ለማንም አልለቅም ብለው ነበርና። አቶ ቢተው የቀበሌው ጥበቃ ሆነው እስከ ሕመማቸው ድረስ በታማኝነት አገለገሉ።

በጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 9 ቀን 1981 ዓ.ም. በአልጋቸው ላይ፣ ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ቦጋለችንና ልጃቸውን ብርሀንነሽን ትተዋል። ወይዘሮ ዘይነባም በዚህ ጽሑፍ እንዲጠሩ "እህቴ ብላችሁ ጻፉ፤ ብትቆጣም ጻፉ" ሲሉ አቶ ቢተው ራሳቸው አዘዋል፤ ስለዚህ ጽፈናል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከንግሥቴና ከሁለቱ ልጆቻቸው ጋር በዕረፍት ያገናኝልን፤ እኛንም ያጽናን። አሜን።